ክሬም ወይስ ቀላል ግራጫ? ለሳሎን ግድግዳ የሚመጥነውን ቀለም የሚወስነው ምንድን ነው?

አዲስ ቤት ሠርቶ የሚገባ ወይም የቆየ ቤቱን የሚያድስ ቤተሰብ ብዙ ከሚመክርባቸው ጉዳዮች መካከል አንዱ የሳሎኑ ግድግዳ ቀለም ነው። ደማቅ ቀለም እንደ ወቅቱ ይወደዳል፤ እንደ ወቅቱም ይሰለቻል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ዓይን የማይጫኑ፣ ከሶፋውም ከመጋረጃውም ጋር የማይጣሉ ቀለማትን ይመርጣል። ከእነዚህም ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ፤ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ክሬም እና በአዳዲስ ቤቶች እና አፓርታማዎች ውስጥ የሚታየው ቀላል ግራጫ።

ሁለቱም በቀለም መሸጫ ሱቅ ካታሎግ ላይ ሲታዩ ያምራሉ። ችግሩ የሚመጣው ግድግዳው ከተቀባ በኋላ ነው። በሱቁ ውስጥ ንጹሕ ግራጫ የነበረው ቀለም ቤት ሲደርስ ሰማያዊ ይመስላል፤ ለስላሳ የነበረው ክሬም ደግሞ ማታ መብራት ሲበራ ቢጫ ሆኖ ያፈጥጣል። ይህ በሚታወቅበት ጊዜ ገንዘቡ ወጥቷል፤ ቀቢውም ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ቤተሰቡ ያልወደደውን ቀለም እያየ ለዓመታት ለመኖር ይገደዳል።

ጉዳዩ የውበት ብቻም አይደለም። በአንድ መስኮት ብቻ ብርሃን በሚያገኝ ክፍል ውስጥ የሚያጠና ተማሪ፣ ወይም ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ቀኑን በምን ያህል ብርሃን እንደሚያሳልፉ የግድግዳው ቀለም ድርሻ አለው። መብራት በቀን መብራት አለመብራቱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ከሁለቱ ቀለማት አንዱ በራሱ ከሌላው የተሻለ አይደለም። የሚሻለውን የሚለየው ክፍሉ የሚያገኘው ብርሃን ነው። ስለዚህ "የትኛው ቀለም ያምራል?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "ይህ ክፍል ምን ዓይነት ብርሃን አለው?" የሚለው መመለስ ይኖርበታል።

ገለልተኛ ቀለም ሲባል ምን ማለት ነው?

ገለልተኛ የሚባሉት ነጭ፣ ጥቁር እና ግራጫ፣ እንዲሁም ወደ እነዚህ የሚጠጉ እንደ ክሬም እና የአሸዋ መልክ ያሉት ቀለማት ናቸው። እንደ ቀይ ወይም አረንጓዴ ዓይንን ወደ ራሳቸው ስለማይስቡ ለሌላው የቤት ዕቃ ቦታ ይለቃሉ። ይሁን እንጂ ፍጹም ገለልተኛ የሆነ ቀለም ከቆርቆሮ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የዛሬ ዘመን የግድግዳ ቀለም መሠረቱ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አስርት ዓመታት በፋብሪካ መመረት ከጀመረ ወዲህ ቀስ በቀስ መርዛማውን የእርሳስ ነጭ ተክቷል። ክሬም የሚገኘው በነጩ ላይ ጥቂት ቢጫ የብረት ኦክሳይድ፣ አንዳንድ ጊዜም ቅንጣት ቀይ ወይም ጥቁር በመጨመር ነው። ግራጫ ደግሞ ነጩ ላይ ጥቁር በመጨመር ይገኛል። ነጭ እና የካርቦን ጥቁር ብቻ ሲደባለቁ የሚወጣው ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊነቱን ለመቀነስ ቢጫ ወይም ቡናማ ሲጨመርበት ሞቅ ያለ፣ ወደ አሸዋ መልክ የሚጠጋ ግራጫ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ከላይ ከሚታየው ቀለም ሥር የተደበቀው ቀለም "ውስጠ ቀለም" ሊባል ይችላል። ክሬም ውስጡ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀመስ ሊሆን ይችላል፤ ግራጫም ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ቀመስ። ለብቻው ሲታይ ውስጠ ቀለሙ አይለይም። ናሙናውን ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ከጎኑም ሌላ ተመሳሳይ ናሙና አድርጎ መመልከት ግን የተደበቀውን ያወጣዋል። ሁለት "ክሬሞች" ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሮዝ መሆኑ ወዲያውኑ ይታያል።

የትኛው ለክፍሉ የበለጠ ብርሃን ይሰጣል?

በርካታ የቀለም አምራቾች ለእያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የብርሃን ነጸብራቅ ቁጥር ይሰጣሉ። 0 ብርሃኑን ሁሉ የሚውጥ ጥቁር፣ 100 ደግሞ ብርሃኑን ሁሉ የሚመልስ ነጭ ማለት ነው። የተለመዱት ክሬሞች ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 85፣ ቀላል ግራጫዎች ደግሞ ከ55 እስከ 65 ባለው መካከል ይገኛሉ። ቁጥሩ በካታሎጉ ጀርባ ወይም በቀለሙ መግለጫ ላይ ከተጻፈ ከቀለሙ ስም ይልቅ እሱን ማየት ይጠቅማል።

ይህ የ20 ነጥብ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትንሽ አይደለም። በመስኮት የገባ ብርሃን አንድ ጊዜ ግድግዳ ነክቶ አያበቃም፤ ከግድግዳ ወደ ኮርኒስ፣ ከኮርኒስ ወደ ወለል እየተመለሰ ይመላለሳል። 4 በ5 ሜትር ስፋት፣ 2.8 ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎን ለምሳሌ ይወሰድ። የግድግዳው ስፋት 50 ካሬ ሜትር፣ የኮርኒሱ እና የወለሉ ድምር 40 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ከጠቅላላው ገጽታ ከግማሽ በላይ ስለሆነ በግድግዳው ላይ የሚታይ የ20 ነጥብ ልዩነት የክፍሉን አማካይ ነጸብራቅ በ10 ነጥብ ገደማ ይለውጠዋል።

አማካዩ 50 ከመቶ ቢሆን፣ የገባው ብርሃን 50፣ 25፣ 12.5 እያለ ሲመላለስ ድምሩ ከመጀመሪያው ጋር ሁለት እጥፍ ይሆናል። አማካዩ 60 ከመቶ ሲሆን ግን 60፣ 36፣ 21.6 እያለ ይቀጥልና ድምሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ይደርሳል። ልዩነቱ ከመቶ 25 ነው። የቤት ዕቃ እና መጋረጃ ከዚህ ላይ የሚቀንሱት ቢኖርም የስሌቱ አቅጣጫ አይለወጥም። ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰማው መስኮቱ አጠገብ ሳይሆን ከመስኮቱ ርቆ በሚገኘው የክፍሉ ጥግ ነው፤ ወደዚያ የሚደርሰው አብዛኛው ብርሃን ከግድግዳ ተመልሶ የመጣ ነውና።

ለሥራ ቦታዎች የወጣው የአውሮፓ የመብራት መመዘኛ ለግድግዳ ከ50 እስከ 80 ከመቶ፣ ለኮርኒስ ከ70 እስከ 90 ከመቶ የሚደርስ ነጸብራቅን ይመክራል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ሁለቱም ቀለማት ተቀባይነት አላቸው፤ ግራጫው ወደ ታችኛው፣ ክሬሙ ወደ ላይኛው ጠርዝ የቀረበ ነው። ስለዚህ ብርሃን ያነሰው ክፍል ክሬም ቢቀባ ያተርፋል። ብርሃን የበዛበት፣ ሰፊ መስታወት ያለው ክፍል ደግሞ ግራጫ ቢቀባ ዓይን ከሚያጭበረብር ነጸብራቅ ያርፋል።

የመስኮቱ አቅጣጫ ምን ይለውጣል?

ከውጭ የሚመጡ የቤት ማስዋብ ምክሮች "ወደ ሰሜን የሚመለከት ክፍል ቀዝቃዛ ብርሃን ስላለው ሞቅ ያለ ቀለም ይቀባ" ይላሉ። ምክሩ የተሰጠው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍባቸው የአውሮፓ እና የሰሜን አሜሪካ ሀገራት ነው። ለኢትዮጵያ በቀጥታ አይሠራም።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ ከከተማዋ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወደ ደቡብ ትዞራለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ስለምትሆን በደቡብ መስኮት ወደ ክፍሉ ውስጥ ትዘልቃለች። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን በኩል 78 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል ከአናት በላይ ናት፤ የክዳኑ ጥላም መስኮቱን ይሸፍነዋል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ወደ ደቡብ የሚመለከት ሳሎን በበጋ ወራት በቀጥታ ፀሐይ ያገኛል፤ ቀላል ግራጫ በዚያ ብርሃን ሰማያዊነቱን አጥቶ ይለሰልሳል። ወደ ሰሜን የሚመለከተው ደግሞ በበጋው ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም፤ ብርሃኑ ከሰማዩ የሚመጣ ሰማያዊ ቀመስ ብርሃን ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን በምትዞርበት ክረምትም ደመናው ብርሃኑን ይጋርዳል። በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ቀዝቃዛ ግራጫ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ክሬም ግን የጎደለውን ሙቀት ይተካል።

ወደ ምሥራቅ እና ወደ ምዕራብ የሚመለከቱ ክፍሎች ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት መልክ አላቸው። የምሥራቁ ክፍል ጠዋት ወርቃማ፣ ከሰዓት በኋላ ደብዛዛ ነው። የምዕራቡ ክፍል በተቃራኒው ከሰዓት በኋላ በሚያቃጥል ብርሃን ይሞላል፤ ክሬም በዚያ ሰዓት ወደ ብርቱካናማ ሲጠጋ ግራጫው ረጋ ብሎ ይታያል። እዚህ ላይ የሚመራው ጥያቄ "ቤተሰቡ በክፍሉ የሚቀመጠው በየትኛው ሰዓት ነው?" የሚለው ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ብዙ ቤተሰብ ቤቱን የሚያስቀባው ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በነሐሴ ደመና ሥር የተመረጠ ቀለም በጥቅምት ጠራራ ፀሐይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ግራጫ ደመናው ሲገፈፍ ሊነጣ፣ ክሬም ደግሞ ሊደምቅ ይችላል። በክረምት የሚመርጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል፤ እርጥበቱ ቀለሙ የሚደርቅበትን ጊዜ እንደሚያራዝመውም እንዲሁ።

ማታ መብራት ሲበራስ?

አብዛኛው ሠራተኛ እና ተማሪ ሳሎኑን የሚያየው ማታ ነው። ስለሆነም አምፖሉ ከፀሐይዋ ያላነሰ ድርሻ አለው። የአምፖል ብርሃን መልክ በኬልቪን ይለካል። በተለምዶ "ቢጫ" የሚባለው አምፖል ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን፣ "ነጭ" የሚባለው ደግሞ እስከ 6,500 ኬልቪን ይደርሳል። የሻማ ብርሃን 1,900 ኬልቪን ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ እና ቀይ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ያደላል።

በቢጫ አምፖል ሥር ክሬም ይበልጥ ቢጫ ይሆናል፤ በውስጡ ቢጫ የበዛበት ከሆነ ቅቤ ይመስላል። ቀላል ግራጫ ግን በዚሁ ብርሃን ቅዝቃዜው ተመጣጥኖ ይታያል። በነጭ አምፖል ሥር ነገሩ ይገለበጣል፤ ክሬሙ ለዘብ ሲል ግራጫው ሰማያዊነቱ ይጎላል፣ ክፍሉም የቢሮ ወይም የሕክምና ተቋም መልክ ይይዛል።

በአምፖሉ ማሸጊያ ላይ የሚገኝ ሌላ ቁጥርም አለ፤ ቀለምን በትክክል የማሳየት አቅም መለኪያ። ከፍተኛው 100 ሲሆን ለመኖሪያ ቤት 80 እና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል። አነስተኛ ቁጥር ያለው አምፖል ሁለቱንም ቀለማት ያደበዝዛል።

ሁለት ናሙናዎች በሱቁ መብራት አንድ ዓይነት ሆነው ቤት ሲደርሱ የሚለያዩበት ክስተትም አለ። ባለሙያዎች ሜታሜሪዝም ይሉታል። ሁለት ቀለማት ከተለያዩ ማቅለሚያዎች ተሠርተው በአንድ ብርሃን ሥር ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ግን ይለያያሉ። በሱቅ መብራት ሥር ከመጋረጃው ጨርቅ ጋር የገጠመ ግራጫ በቤት ውስጥ የማይገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ሳይወደድ ቢቀር ግድግዳውን እንደገና ከማስቀባት በፊት አምፖሉን ለውጦ ማየት ርካሹ መፍትሔ ነው።

የቤት ዕቃው ቀለሙን ይለውጣል?

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ኬሚስቱ ሚሼል ኤዥን ሼቭረል በ1824 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ከቀረቡለት ቅሬታዎች አንዱ ጥቁሩ ክር ከሰማያዊ እና ከሐምራዊ ክሮች ጋር ሲሠራ ድምቀት ያጣል የሚል ነበር። ሼቭረል ክሩን ከሌሎች ፋብሪካዎች ክር ጋር አነጻጸረ፤ ማቅለሚያው ጉድለት እንደሌለበትም አረጋገጠ። ችግሩ ከጎኑ የነበሩት ቀለማት ነበሩ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀለማት አንዱ የሌላውን መልክ በዓይን ውስጥ እንደሚለውጥ የሚያስረዳውን ዝነኛ መጽሐፉን በ1839 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ይህ ሕግ በሳሎን ውስጥ ዕለት ዕለት ይሠራል። ዓይን አንድን ቀለም ሲያይ በአጠገቡ ባለው ገለልተኛ ገጽታ ላይ የተቃራኒውን ጥላ ያያል። ስለዚህ ቀላል ግራጫ ግድግዳ ከቀይ ቡናማ ሶፋ ወይም ከቀይ ሴራሚክ ወለል ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀመስ ይመስላል። ክሬም ደግሞ ከሰማያዊ መጋረጃ አጠገብ ቢጫነቱ ይጎላል። ቡናማ ጣውላ እና ቀይ ቀመስ ዕቃ የሞላበት ሳሎን ከክሬም ጋር በቀላሉ ይስማማል። ጥቁር፣ ነጭ እና ሰማያዊ የበዛበት፣ ወለሉም ግራጫ ሴራሚክ የሆነ ቤት ከግራጫ ጋር ይስማማል።

የኮርኒሱ ነጭም መታሰብ አለበት። በጣም የነጣ፣ ሰማያዊ ቀመስ ነጭ ኮርኒስ ከሥሩ ያለውን ክሬም ያረጀ እና የቆሸሸ ያስመስለዋል። ክሬም የመረጠ ሰው ኮርኒሱንም ሞቅ ባለ ነጭ ቢያስቀባ ይመከራል።

ከመስኮቱ ውጭ ያለውም ነገር በግድግዳው ላይ ያርፋል። በጓሮው የማንጎ ወይም የአቮካዶ ዛፍ ያለው ቤት በመስኮቱ አረንጓዴ ቀመስ ብርሃን ይገባለታል። መስኮቱ ከቀይ ግንብ ወይም ከቀይ አፈር ፊት ለፊት ከሆነ የሚገባው ብርሃን ቀይ ቀመስ ይሆናል። ግራጫ እንዲህ ያለውን የተንጸባረቀ ቀለም ከክሬም ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ከጭስ፣ ከአቧራ እና ከልጆች እጅ የሚከላከለው የትኛው ነው?

ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት እና ከሰል የሚያያዝበት ሳሎን ግድግዳው ጥላሸት ይይዛል። ጥላሸት በክሬም ላይ ቶሎ ይታያል፤ በግራጫ ላይ ይደበቃል። የቀይ አፈር አቧራ ግን ተቃራኒ ነው፤ በክሬም ላይ አይለይም፣ በግራጫ ላይ ግን ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ግድግዳው እርጥበት ካለው ከሲሚንቶው የሚወጣው ነጭ ጨው በግራጫ ላይ ጎልቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ችግር ባለበት ግን መፍትሔው ቀለም መምረጥ ሳይሆን እርጥበቱን አስቀድሞ ማስወገድ ነው። አዲስ ልስንም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል እንዲደርቅ መተው ያስፈልጋል።

ከመልኩ ይልቅ የቀለሙ ዓይነት ለጽዳት ወሳኝ ነው። የማያብለጨልጭ የውኃ ቀለም የልስኑን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሲታጠብ ግን በቀላሉ ይላላጣል። ጥቂት የሚያብለጨልጭ ቀለም ይታጠባል፤ ነገር ግን ከጎን በሚመጣ ብርሃን የልስኑን ወጣ ገባነት ያሳያል። የዘይት ቀለም ጠንካራ ቢሆንም ብርሃን በማያገኝ ቦታ በጊዜ ብዛት ይቢጫል። ይህ መቢጨት በክሬም ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ቀላል ግራጫን ግን ወደ አረንጓዴ ቀመስ ይለውጠዋል። ስለዚህ ግራጫ የመረጠ ሰው የውኃ ቀለም ቢመርጥ ይሻለዋል።

በወጪ ረገድ ልዩነት አላቸው?

ከላይ የተጠቀሰው ሳሎን በር እና መስኮቱ ሲቀነስ 45 ካሬ ሜትር ያህል የሚቀባ ግድግዳ ይኖረዋል። አንድ ሊትር የውኃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል ቢባል፣ ለሁለት ዙር 9 ሊትር ያስፈልጋል።

ልዩነቱ የሚመጣው በመሸፈን አቅም ነው። ግራጫ በውስጡ ያለው ጥቁር ማቅለሚያ ብርሃን ስለሚውጥ የቀድሞውን ቀለም በቀላሉ ይሸፍናል። ክሬም ግን ጠቆር ባለ ወይም ደማቅ በሆነ ግድግዳ ላይ ሲቀባ የቀድሞው ቀለም ከሥር ሊያሳይ ይችላል፤ ሦስተኛ ዙር ካስፈለገ ፍጆታው ወደ 13.5 ሊትር ያድጋል። እንግዲህ በአሮጌ ደማቅ ግድግዳ ላይ ክሬም ማስቀባት የሚፈልግ ሰው ይህን ተጨማሪ ወጪ በሂሳቡ ማካተት ወይም አስቀድሞ መሠረት የሚሆን ነጭ ቀለም ማስቀባት አለበት።

ማቅለሚያው በእጅ በሚበጠበጥበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ባልዲ የወጣውን ግራጫ በሁለተኛው ባልዲ በትክክል መድገም ከባድ ነው። ለአንድ ክፍል የሚበቃውን ቀለም በአንድ ጊዜ አዘጋጅቶ፣ ትርፉን በደንብ ተከድኖ ማስቀመጥ በኋላ ለሚያስፈልግ ጥገና ይጠቅማል።

ከመቀባት በፊት እንዴት ይፈተን?

ካታሎጉ ላይ ያለች ጣት የምታክል ናሙና ግድግዳ የሚያክል ቀለምን አትወክልም። ትንሽ ናሙና ላይ ለዘብ ያለ ቀለም አራቱንም ግድግዳ ሲሞላ እርስ በርሱ እየተንጸባረቀ ይበረታል። በመሆኑም ከሁለቱም ቀለም ጥቂት ገዝቶ መሞከር ኋላ ከመጸጸት ያድናል።

ሙከራው የሚከተለውን ሥርዓት ቢይዝ መልካም ነው። ሁለት ሰፋፊ ካርቶኖች፣ እያንዳንዳቸው ከግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ያላነሱ፣ ሁለት ሁለት ዙር ይቀባሉ፤ ዳር ዳራቸውም ሳይቀባ ነጭ ሆኖ ይተዋል። እርጥብ ቀለም እና የደረቀ ቀለም ስለሚለያዩ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቁ ይጠበቃል። ከዚያም በየተራ በመስኮቱ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ እና በክፍሉ ጨለማ ጥግ ይደረጋሉ። ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ እና ማታ መብራት ሲበራ ይታያሉ። ሁለቱ በአንድነት ሳይሆን ለየብቻቸው መታየት አለባቸው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ክሬሙ ግራጫውን ሰማያዊ፣ ግራጫውም ክሬሙን ቢጫ ያስመስለዋል።

ዓይን ለአንድ ቀለም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እንደሚለማመድም መዘንጋት አይገባም። ከውጭ ገብቶ በመጀመሪያው ቅጽበት የሚሰማው ስሜት እና ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚሰማው ይለያያሉ። ሁለቱንም ማስተዋል ተገቢ ነው፤ እንግዳ የሚያየው የመጀመሪያውን፣ ቤተሰብ የሚኖረው ከሁለተኛው ጋር ነው።

ሳይታለፍ መነገር ያለበት ጥንቃቄ

አሮጌ ግድግዳ ከመቀባቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። በቀደሙት ዓመታት በተቀቡ፣ በተለይም በዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ ለሕጻናት አእምሮ እድገት አደገኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አለመታወቁን ይገልጻል። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው የእርሳስ መጠን በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ በደንብ ተደንግጓል። ይሁን እንጂ ደንቡ ቀድሞ በግድግዳ ላይ ያለውን ቀለም አያነሳውም። ስለዚህ አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ውኃ እያርከፈከፉ መፋቅ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ሕጻናትን እና ነፍሰ ጡሮችን ከቦታው ማራቅ፣ ብናኙንም በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ያስፈልጋል።

በመጨረሻ የትኛው ይመረጥ?

መስኮቱ አንድ ብቻ የሆነ፣ ወደ ሰሜን የሚመለከት ወይም በጎረቤት ግንብ የተጋረደ፣ ቡናማ ዕቃ የበዛበት ክፍል ክሬም ይገባዋል፤ ቢጫነቱ የለዘበ፣ የነጸብራቅ ቁጥሩ 75 እና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል። መስኮቱ ሰፊ፣ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ምዕራብ የሚመለከት፣ ብርሃኑም የበረታ ክፍል ደግሞ ቀላል ግራጫ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ከሰማያዊው ይልቅ ወደ አሸዋ መልክ የሚጠጋው ነው የሚመከረው። በሁለቱ መካከል ያለ ክፍል ሲሆን ወሳኙ ቤተሰቡ በክፍሉ የሚሰበሰብበት ሰዓት እና የሚያበራው አምፖል ነው።

ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ቀለም እንዲቀባ የሚያስገድድ ነገርም የለም። በአንድ ቤት ውስጥ ፀሐይ የሚያገኘው ሳሎን ግራጫ፣ ፀሐይ የማይደርስበት መተላለፊያ እና የልጆች ማጥኛ ክፍል ክሬም ቢሆኑ እያንዳንዱ እንደ ብርሃኑ ተስተናገደ ማለት ነው። የጎረቤት ሳሎን ላይ ያማረ ቀለም እዚህም ያምራል ተብሎ መገዛት የለበትም፤ የጎረቤቱ መስኮት ሌላ አቅጣጫ የሚመለከት ሊሆን ይችላልና። ሁለት ካርቶን እና አንድ ሙሉ ቀን ከወሰደው ሙከራ በኋላ የተመረጠ ቀለም ግን ለዚያው ክፍል የተመረጠ ነው።